መጨረሻውን እያወቅኩ ደግሜ የማያቸው ፊልሞች

የፍቅር ኮሜዲ መጨረሻው ፖስተሩ ላይ ነው ያለው። ወንዱና ሴቷ ጀርባ ለጀርባ ተደጋግፈው ፈገግ ካሉ ነገሩ አልቋል፤ ይጋባሉ። ሲኒማ ቤት የሚገባ ሰው ሁሉ ይህን እያወቀ ነው ትኬት የሚቆርጠው። ታዲያ ገና ከመጀመሪያው የምናውቀውን ታሪክ ለምን ደግመን እናየዋለን? እኛ ቤት ይህ ጥያቄ አያልቅም። "መጨረሻውን እያወቅሽው?" ይሉኛል። አዎ፣ እያወቅኩት። እንዲያውም ስለማውቀው ነው የማየው።

ነገሩ ለእኔ እንዲህ ነው። ጥሩ የፍቅር ኮሜዲ ውስጥ ሁለቱ ሰዎች የልባቸውን ፊት ለፊት አይናገሩም። ይጣላሉ። ይፎካከራሉ። ስለ ምግብ፣ ስለ መንገድ፣ ስለ ሥራ ያወራሉ። መጀመሪያ ስናየው ጠቡን ጠብ ብለን እንሰማዋለን። ደግመን ስናየው ግን መድረሻውን እናውቃለንና በእያንዳንዱ ቃል ስር ሌላ ነገር እንሰማለን። ልክ እንደ ቅኔ ነው። ሰሙ ወዲያው ይገባል፤ ወርቁን የሚያገኘው መለስ ብሎ ያዳመጠ ነው። ሸዋ ውስጥ ላደገ ሰው ይህን ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም። እኛ ጋ "ወድጄሻለሁ" ብሎ በቀጥታ መናገር ለረጅም ጊዜ ነውር ነበር። ሰው ፍቅሩን በጥምቀት ሎሚ፣ በሰርግ ግጥም፣ አንዳንዴም በስድብ ሲናገር ነው የኖረው።

ስለዚህ አንድን ፊልም የምመዝነው በዚህ ነው፦ ሁለተኛ ሲታይ የሚጨምርልኝ ነገር አለው? ከዚህ በታች የማነሳቸው ይጨምራሉ። የፊልሞቹን ዓመት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ደብረ ብርሃን ለእንዲህ ዓይነት ልማድ ትመቻለች። ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ከተማ ናት። በተለይ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ማታ ማታ ውርጩ አጥንት ድረስ ይገባል። ፀሐይ ስትጠልቅ ሰው ወደ ቤቱ ይሰበሰባል። ልጅ እያለን ቪዲዮ ቤት የወንዶች ቦታ ነበር። እኛ ሴቶቹ የምናየው ዴክ ያለው ጎረቤት ቤት፣ ምንጣፍ ላይ ተደርድረን ነበር። ቀጥሎ ደግሞ ትርጉም ፊልም መጣ። አንድ ሰው ወንዱንም ሴቷንም ሕፃኑንም ሆኖ በአማርኛ ያወራልናል፣ እኛም አንዲት ቃል እንዳታመልጠን ጸጥ እንላለን። አሁን ፍላሽ ይዤ ወደ ፊልም ቤቱ እሄዳለሁ። "የፍቅር፣ የሚያስቅ፣ የድሮ" እላለሁ። ልጁ ለምዶኛል፤ ይገለብጥልኛል።

ሁልጊዜ የማስቀድመው በዕድሜ ትልቁን ነው። ስሙ ኢት ሃፕንድ ዋን ናይት ነው፤ የወጣው በ1934 ነው። ጣሊያን ገና አልወረረንም። የጣርማበር ዋሻ እንኳ ያኔ አልተቆፈረም። ዳይሬክተሩ ፍራንክ ካፕራ ነው፤ ተዋናዮቹ ክላርክ ጌብልና ክሎዴት ኮልቤር ናቸው። በኦስካር ታሪክ ምርጥ ፊልም፣ ዳይሬክተር፣ ወንድ ተዋናይ፣ ሴት ተዋናይና የፊልም ድርሰት የሚባሉትን አምስቱን ዋና ሽልማቶች ጠቅልሎ የወሰደ የመጀመሪያው ፊልም እሱ ነው።

ታሪኩ የመንገድ ነው። ኤሊ የከበርቴ ልጅ ናት። አባቷ ያልወደዱትን ሰው አግብታለች። አባቷ መርከባቸው ላይ ሲያግቷት ማያሚ ላይ ባሕር ውስጥ ዘላ ታመልጣለች፤ ከዚያ ወደ ኒውዮርክ በአውቶቡስ ትሳፈራለች። አጠገቧ የሚቀመጠው ፒተር ከሥራው የተባረረ ጋዜጠኛ ነው። ማን እንደሆነች ይለያታል፤ ታሪኳን ለመጻፍ ሲል አብሯት ይጓዛል።

ያንን አውቶቡስ ስወደው! የሰው ትከሻ ላይ የሚተኛ አለ። ለማያውቀው ሰው ጉዳዩን የሚዘረዝር አለ። አንድ ሌሊት ላይ ደግሞ ተሳፋሪው ሁሉ አብሮ ይዘፍናል። ከደብረ ብርሃን ተነስቶ ወደ ደብረ ሲና የወረደ ሰው ይህን አውቶቡስ በደንብ ያውቀዋል። ጣርማበር ላይ ጉሙ ሲወርድ ሹፌሩ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ሰው ሁሉ በአንዴ ዝም ይላል። ከዋሻው ወጥቶ ቁልቁለቱ ሲጀምር ወሬው ይመለሳል። ደብረ ሲና ሲደረስ ቆሎ ሻጮቹ መስኮቱ ስር ይሰለፋሉ። የገዛ ሰው ለጎረቤቱ ሳያቀርብ አይቆረጥምም። እንግዳነት የሚያበቃው እዚያ ላይ ነው። ካፕራ ይህን ነገር በደንብ ያውቀው ነበር፤ ሁለቱን ሰዎች የሚያቀራርባቸው መንገዱ ራሱ ነው።

ከዚያ ዝናብ ይመጣል። መንገዱ ይዘጋል። ባልና ሚስት ነን ብለው አንድ ክፍል ይከራያሉ፤ ሁለት አልጋ አለው። ፒተር በመካከል ገመድ ይወጥርና ብርድ ልብስ ያንጠለጥልበታል። "ይህ የኢያሪኮ ቅጥር ነው፤ እኔ ግን እንደ ኢያሱ ቀንደ መለከት የለኝም" ይላታል። መጽሐፉን የሚያውቅ ሰው ያ ብርድ ልብስ አንድ ቀን መውደቁ እንደማይቀር ያኔውኑ ይገባዋል። በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ የምትታወቅ ከተማ ውስጥ ተቀምጬ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቤ፣ አንድ ብርድ ልብስ ይህን ያህል ነገር ሲናገር ማየት ደስ ይለኛል።

ደግሜ ሳየው በጣም የምጠብቃት አንዲት ቦታ አለች። በማግስቱ ጠዋት አባቷ የላኳቸው መርማሪዎች በሩን አንኳኩተው ይገባሉ። ሁለቱ ሳይነጋገሩ ተግባብተው መጣላት ይጀምራሉ። እንደ ተሰላቸ ባልና ሚስት። እሱ ይጮኻል፣ እሷ ታለቅሳለች፣ የቆየ ቂም ይመዛሉ። መርማሪዎቹ አፍረው ይወጣሉ። መጀመሪያ ሳየው በማታለላቸው ነበር የሳቅኩት። አሁን የማየው ሌላ ነው። ሁለቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ባልና ሚስት ሆነው ሞከሩት፤ ተመቻቸውም። ሰዎቹ ከወጡ በኋላ ሲስቁ ፊታቸውን እዩት።

ሌላም አለ። አባቷ ልጃቸውን ላገኘላቸው 10,000 ዶላር እሰጣለሁ ብለዋል። ፒተር ግን ሄዶ የሚጠይቃቸው በመንገድ ያወጣውን ብቻ ነው፦ 39 ዶላር ከ60 ሳንቲም። አባትየው የዚህን ሰው ልብ ያወቁት በዚህች ሒሳብ ነው። "እወዳታለሁ" የሚለውን ቃል በስንት መከራ ነው ከአፉ የሚያወጡት። የሚናገርለት ግን ሒሳቡ ነው። የእኛ ሽማግሌዎች ቢሆኑም ከዚህ በላይ ማስረጃ አይፈልጉም።

ሁለተኛው ዘ ሾፕ አራውንድ ዘ ኮርነር ነው። 1940። ኤርንስት ሉቢች ነው የሠራው። ቡዳፔስት ውስጥ ባለች አንዲት ሱቅ የሚሠሩ ሁለት ሰራተኞች ቀኑን ሙሉ ሲነታረኩ ይውላሉ። ክራሊክና ክላራ ናቸው፤ ጄምስ ስቱዋርትና ማርጋሬት ሱላቫን ይጫወቷቸዋል። ማታ ማታ ሁለቱም ለማያውቁት የብዕር ጓደኛ ደብዳቤ ይጽፋሉ። የሚጻጻፉት ለካ እርስ በርስ ነው።

የብዕር ጓደኛ የነበረው ትውልድ ይህን ፊልም ከማንም በላይ ይወደዋል ብዬ አምናለሁ። ፖስታ ሳጥን ቁጥር በቃል የሚጠናበት ጊዜ ነበር። ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ከራሱ ትንሽ የተሻለ ሰው ይሆናል። ቃሉን ይመርጣል፣ ይሰርዛል፣ ይገለብጣል። ክራሊክና ክላራ በደብዳቤ ላይ ጨዋዎች ናቸው፤ ሱቅ ውስጥ ደግሞ ቁጡ። ፊልሙ ሁለቱም እውነት ነው ይለናል። እኔም እስማማለሁ።

የሉቢች ብልሃት ፊልሙ አጋማሽ ላይ ነው። ክራሊክ እውነቱን ያውቃል፤ ክላራ አታውቅም። ከዚያ በኋላ እሱ ልክ እንደ እኛ ሆኖ ያያታል፤ ስትሰድበው ከስድቡ ስር ያለውን ይሰማል። በዚያ ላይ በጣም አጭር የሆነ ትዕይንት አለ። ካሜራው ያለው ከፖስታ ሳጥኖቹ በስተጀርባ ነው። አንድ ጓንት ያደረገ እጅ ከወዲያ በኩል ይገባል። ባዶውን ሳጥን ይዳብሳል። ግራ፣ ቀኝ፣ ወደ ውስጥ። ምንም የለም። ከዚያ እጁ ይወጣና በዚያች ቀዳዳ የክላራ ፊት ጎንበስ ብሎ ይታያል። ሙዚቃ የለም፣ ለቅሶ የለም። እሷ ደብዳቤ ስትጠብቅ ጸሐፊው ሱቅ ውስጥ አጠገቧ እንደሚሠራ እኛ እናውቃለን። ያችን እጅ ሳይ ሁልጊዜ ሆዴ ይባባል።

ኖራ ኤፍሮን በ1998 ይህንኑ ታሪክ ወደ ኢሜይል አምጥታ ዩቭ ጎት ሜይል የሚለውን ፊልም ሠርታበታለች። ቶም ሃንክስና ሜግ ራያን አሉበት። እሱንም እወደዋለሁ፤ ግን አንድ ነገር አልዋጥልሽ ይለኛል። እዚያ ላይ ሰውየው የልጅቷን የእናቷን መጻሕፍት መደብር የሚያዘጋ ትልቅ ነጋዴ ነው። እንዲህ ያለ ነገር በአበባ አይሽርም። በድሮው ፊልም ግን ሁለቱም ደሞዝተኞች ናቸው፤ እኩል ናቸው። ጠባቸውም ፍቅራቸውም የእኩዮች ነው።

ሮማን ሆሊዴይን ያየሁት ብዙ ጊዜ ብቻዬን ነበር። በጣም የማልረሳው ግን ከአክስቴ ጋር ያየሁትን ነው። አክስቴ የመንዝ ሰው ናት፤ መሐል ሜዳ አካባቢ ነው ኑሮዋ። ለሕክምና ደብረ ብርሃን መጥታ እኛ ቤት ሰነበተች። እንግሊዝኛ አታውቅም። እኔ አጠገቧ ሆኜ አስተረጉምላታለሁ፤ የምትመልስልኝ ግን ለእኔ አይደለም፣ ለተዋናዮቹ ነው።

ፊልሙ የ1953 ነው፤ ዊሊያም ዋይለር ሮም ድረስ ሄዶ ነው የቀረጸው። ኦድሪ ሄፕበርን ከሥርዓትና ከጉብኝት ብዛት የታከታት ልዕልት ናት። አንድ ሌሊት ካረፈችበት የአገሯ ኤምባሲ ሾልካ ትወጣለች። ግሪጎሪ ፔክ ደግሞ ማንነቷን አውቆ ዜና ሊሠራባት የሚከተላት ጋዜጠኛ ነው። አንድ ቀን ብቻ አላቸው። ጸጉሯን ትቆረጣለች፣ አይስክሬም ትበላለች፣ ቬስፓ ትነዳለች።

"ምነው ልጅቷን ትንሽ ቢያሳርፏት!" አለች አክስቴ ገና ከመጀመሪያው። ልዕልቷ እንግዶች ፊት ቆማ፣ ረጅሙ ቀሚስ ስር አንድ ጫማዋ ሲወልቅባትና በእግሯ ስትፈልገው ነው ይህን ያለችው። አክስቴ ድሮ የሰርጓ ዕለት ቁጭ ባለችበት የሆነችውን ትዝ ብሏት ይሆናል። በወጉ መሠረት አንገቷን ደፍታ እንድትውል የተደረገች ሙሽራ ያንን ጫማ ታውቀዋለች።

ከዚያ የእውነት አፍ የሚባለው ቦታ ደረሰ። ከድንጋይ የተፈለፈለ ትልቅ ፊት ነው፤ አፉ ውስጥ እጁን የከተተ ውሸታም እጁ ይቆረጣል ይባላል። ሁለቱም ያን ቀን የዋሉት ሲዋሹ ነው። ፔክ እጁን ይከታል፤ ይጮኻል፤ ሲያወጣው እጁ የለም። እጅጌው ውስጥ ደብቆት ነው። ይህን ለሄፕበርን አስቀድሞ አልነገራትም ነበርና የምናየው ጩኸትና ድንጋጤዋ የእውነት ነው። አክስቴም አብራ ጮኸች። "በስመ አብ!" ብላ ደረቷን ያዘች። ቀጥላ ሳቀች፣ እየሳቀችም "ይበለው፣ ማን ዋሽ አለው" አለች።

እዚህ ፊልም ላይ ፖስተሩ ይዋሻል። አይጋቡም። ልዕልቷ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። በመጨረሻው ትዕይንት በጋዜጠኞች ፊት ቆማ ስትናገር ቃሉ ሁሉ የመንግሥት ቃል ነው፤ ትርጉሙ ግን ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ከዚህ የተሻለ ሰምና ወርቅ በፊልም አላየሁም። እኔ ሁልጊዜ ዞር ትላለች ብዬ እመኛለሁ። አክስቴ ግን "ደግ አደረገች" አለች ቆጣ ብላ። "አደራ ያለበት ሰው ነዋ። አደራ የሰጣት አገር ይጠብቃታል።" ስንከራከር አመሸን፤ አሁንም አልተስማማንም።

ሄፕበርን በዚህ ፊልም የምርጥ ሴት ተዋናይ ኦስካር አግኝታለች። በ1988 ደግሞ የዩኒሴፍ የበጎ ፈቃድ አምባሳደር ስትሆን የመጀመሪያ ጉዞዋ ወደ ኢትዮጵያ ነበር፤ መቀሌ ላይ ወላጆቻቸውን ያጡ ልጆች ያሉበትን ማሳደጊያ ጎብኝታለች። ይህን ስነግራት አክስቴ "በሞቴ! እዚህ አገር መጥታለች?" አለች። የሰባ ሰባቱን ርሃብ በዓይኗ ያየች ሰው ናት። "እስቲ መልሰሽ ክፈቺልኝ፣ ደህና አድርጌ ልያት" አለችኝ። ጸጉሯን ከምትቆረጥበት ጀምሬ ከፈትኩላት።

ዌን ሃሪ ሜት ሳሊ ላይ ብዙ ተጽፏል፤ እኔ የምጨምረው ጥቂት ነው። በ1989 የወጣ የሮብ ራይነር ፊልም ነው፤ ድርሰቱ የኖራ ኤፍሮን። ቢሊ ክሪስታልና ሜግ ራያን ከአሥር ዓመት በላይ እየተገናኙ እየተለያዩ ይጓዛሉ። የሚያደርጉት ነገር ማውራት ነው፤ መኪና ውስጥ፣ መንገድ ላይ፣ በየአልጋቸው ተኝተው በስልክ። ጨዋታ ለሚወድ ሰው ሌላ ምን ያስፈልገዋል። ራይነር መጀመሪያ ላይ ሁለቱ ሳይገናኙ እንዲቀሩ ነበር ያሰበው። ፊልሙን እየሠራ ሳለ የወደፊት ሚስቱን ሲያገኝ መጨረሻውን ለወጠው። ይህን ካወቅኩ ወዲህ የመጨረሻዋን የአዲስ ዓመት ሌሊት የማየው ተስፋ የቆረጠ ሰው ሐሳቡን እንደቀየረበት ቦታ አድርጌ ነው።

ሃሪ እዚያ ሌሊት ሮጦ ይመጣና የሚወድላትን ነገር ይዘረዝራል። ቁንጅናዋን አያነሳም። ውጭው 71 ዲግሪ ሆኖ የሚበርዳት መሆኑን ነው የሚያነሳው። በእኛ አለካክ 22 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ደብረ ብርሃን ላይ ይህ ሹራብ የሚያስወልቅ ሙቀት ነው። እኔ ግን ይገባኛል። ሰውን ስንወድ የምንወድለት እንዲህ ያለውን ነው፤ ሌላ ማንም ቁም ነገር ብሎ የማይቆጥረውን።

ደግሜ የማላያቸውም አሉ። አንዲት ስልክ ቢደወል በአሥር ደቂቃ የሚያልቀውን ነገር ሁለት ሰዓት የሚጎትቱ ፊልሞች ናቸው። እሷ ከሌላ ሴት ጋር ታየዋለች፣ ሴትየዋ እህቱ ናት፣ እሱ ሳያስረዳ አውሮፕላን ይሳፈራል። መጀመሪያ ሲታይ ልብ ይሰቅላል። ሁለተኛ ሲታይ ምንም የለውም። ኖቲንግ ሂል የሚባለው ፊልም እንኳ አንዳንድ ቦታ ላይ ወደዚያ ያዘነብላል። ግን ሂዩ ግራንት ብቻውን ገበያው መሐል ሲሄድ፣ በአንድ አካሄድ ውስጥ ጸደዩ፣ በጋው፣ ዝናቡና በረዶው የሚፈራረቁባት ትዕይንት አለች። ለእሷ ስል ፊልሙን እምርለታለሁ።

ስለ መደጋገም ከተነሳ ግራውንድሆግ ዴይን መዝለል አይቻልም። 1993፣ ዳይሬክተሩ ሃሮልድ ራሚስ። ቢል መሪ ትዕቢተኛ የአየር ትንበያ አቅራቢ ነው። ለአንድ ዘገባ ወደ አንዲት ብርዳም ትንሽ ከተማ ይላካል፤ ከዚያ ያው ቀን እየደጋገመ ይነጋበታል። ፌብሩዋሪ 2፣ በእኛ ጥር 25፣ የሰርግ ወር መሐል። መጀመሪያ ቀኑን የሚጠቀምበት አብራው የምትሠራውን ሪታን ለማጥመድ ነው። ምን እንደምትጠጣ ዛሬ ይጠይቃታል፣ በሚቀጥለው ቀን እንደ አጋጣሚ አድርጎ ያዛል። በየማታው በጥፊ ይሸኛል። የሸመደደው መልስ ሁሉ ትክክል ነው፤ እሷ ግን የሆነ ነገር እንደጎደለ ይሰማታል። የሚወደደው ማጥመዱን ትቶ ፒያኖ መማር፣ የሰው ጎማ መቀየር፣ የሚወድቅ ልጅ መቅለብ ሲጀምር ነው። መንገድ ላይ የሚለምን አንድ አዛውንት አለ፤ የፈለገውን ቢያደርግ ሊያድነው አይችልም። ኮሜዲ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ማስገባት ድፍረት ይጠይቃል። ትንሽ ከተማ ውስጥ የሚኖር ሰው ደግሞ ያው መንገድ፣ ያው ሰላምታ፣ ያው ፊት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ ሰውየው ያንኑ ከተማ ቀስ በቀስ መውደድ ሲጀምር ሳይ እኔ ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ሕንድ እንሻገር። የእኔ ትውልድ የፍቅር ፊልም የተማረው ከሆሊውድ አይደለም። ከሕንድ ነው። ቋንቋውን ሳናውቅ፣ ጽሑፍም ሳይኖረው፣ ማን ማንን እንደወደደ ይገባን ነበር። ከሁሉም ዲልዋሌ ዱልሃኒያ ሌ ጃዬንጌ ይበልጥብኛል። 1995። አዲቲያ ቾፕራ ዳይሬክት ያደረገው የመጀመሪያ ፊልሙ ነው፤ ሻሩክ ካንና ካጆል አሉበት። ሙምባይ ውስጥ ማራታ ማንዲር የሚባል ሲኒማ ቤት ፊልሙ ከወጣበት ወር ጀምሮ ለአሥርት ዓመታት ሲያሳየው ኖሯል። ደግሞ ማየትን በተመለከተ ከዚያ በላይ ምስክር የለኝም።

ራጅና ሲምራን ያደጉት ለንደን ነው። በአውሮፓ ጉዞ ላይ ባቡር አምልጧቸው ይተዋወቃሉ። አባቷ ግን ገና ልጅ እያለች ፑንጃብ ላለ ጓደኛቸው ልጅ ቃል ገብተውባታል። ወደዚያ ይወስዷታል። ራጅ ይከተላል። እናቷ ነገሩ ሲገባቸው ጌጣቸውን አውጥተው ይሰጡትና ይዟት እንዲጠፋ ይለምኑታል። እምቢ ይላል። ከአባቷ እጅ ነው የምወስዳት ይላል።

ይህችን ቦታ እኛ አገር የሚያያት ሰው ከአሜሪካዊው በተለየ መንገድ ነው የሚያያት። አሜሪካዊው ለምን አይሄዱም ይላል። እኛ ልጅ አስኮብልሎ የሄደ ሰው ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት ቤተ ዘመድ መሐል አንገቱን ደፍቶ እንደሚኖር አይተናል። ሽማግሌ ተልኮ፣ ደጅ ተጠንቶ፣ "ዛሬ አይሆንም፣ ሌላ ጊዜ ተመለሱ" ተብሎ፣ እንደገና ተሂዶ የተገኘች "እሺ" ምን ያህል እንደምትከብድ እናውቃለን። ራጅ ያለ ሽማግሌ ብቻውን ሽማግሌ ሆኖ ነው ፑንጃብ የሚከርመው። ለአባትየው ወፎች ይመግባል፣ ለአክስትየው ቀሚስ ይመርጣል፣ ወጥ ቤት ገብቶ ከሴቶቹ ጋር ይሠራል። የሚያስቀው ይህ ነው፤ ግን ሁሉም ለአንዲት "እሺ" ነው።

የጾሟ ሌሊት ደግሞ አለች። ካርቫ ቻውት በሚሉት ቀን ሚስቶች ለባሎቻቸው ዕድሜ ሲሉ ጨረቃ እስክትወጣ ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ ይውላሉ። ሲምራን ጾሟን መፍታት ያለባት በእጮኛዋ እጅ ነው። ራሷን የሳተች መስላ ትወድቃለች፤ ራጅ ውሃ ያጠጣታል። በኋላ ጣሪያው ላይ ስታጎርሰው እሱም አብሮ ጾሞ እንደዋለ ታውቃለች። ለሚጾም ሕዝብ ይህን ማብራራት አያስፈልግም። ስንት ነገር ተብሏል፣ ግን ማንም አንድም ቃል አልተናገረም።

መጨረሻው ላይ ባቡሩ ሲንቀሳቀስ አባትየው የልጃቸውን እጅ ጨብጠው ይዘዋል። ልቀቁኝ ብላ ትለምናለች። ይለቁና ሂጂ ይሏታል። ሰው ሁሉ የሚያየው ስትሮጥ ነው። እኔ ግን ደግሜ ደግሜ ያየሁት የአባትየውን እጅ ነው። ሦስት ሰዓት ከምናምን የሚፈጀው ፊልም የተሠራው ያ እጅ እስኪከፈት ነው።

የእኛዎቹስ? የፍቅር ኮሜዲ ሲኒማ ቤቶቻችንን ለዓመታት የሞላ ዓይነት ፊልም ነው። የወንዶች ጉዳይ የሚባለው ፊልም በወጣበት ጊዜ የነበረውን ወሬ የሚያስታውስ ያስታውሰዋል። ሳቁ አይጎድለንም፤ አማርኛ ተናጋሪ ለጨዋታ ማንንም አይለምንም። የሚጎድለን ትዕግሥት ይመስለኛል። ብዙዎቹ ግማሽ ድረስ ያስቁንና ከዚያ በሽታ፣ የተደበቀ ልጅ ወይም የመኪና አደጋ ይገባል። ሁለቱ ሰዎች መነጋገራቸውን ያቆማሉ። ቦታውም ሁልጊዜ አዲስ አበባ፣ ቪላ ቤትና ካፌ ነው።

አንድ ሰው ካሜራ ይዞ ወደዚህ ቢመጣ ምን ነበረበት? ጣርማበር ላይ ጉም ያቆመው አውቶቡስ። መንዝ የተመደበች አስተማሪና ከእሷ ጋር ስለ ሁሉም ነገር የሚከራከር የጤና ባለሙያ። በርኖስ ደርበው ለሽምግልና የመጡ፣ ግን የመጡበትን ጉዳይ ለማንሳት ስለ ገብሱና ስለ ዝናቡ ግማሽ ቀን የሚያወሩ አዛውንቶች። ለድራማው የሚጨመር ነገር የለም፤ ሁሉም እዚህ አለ። እንዲህ ያለ ፊልም ከተሠራ ገና በወጣበት ቀን አክስቴን ይዤ ነው የምሄደው።

እስከዚያው ግን ከእነዚህ የትኛውንም ያላየ ካለ፣ ከእናት ወይም ከአክስት ጋር ለማየት ሮማን ሆሊዴይን ይክፈት። ዌን ሃሪ ሜት ሳሊን ከጓደኛ ጋር እዩት፤ ሬስቶራንት ውስጥ ያለችው ትዕይንት ትልቅ ሰው ፊት አትሆንም። ሽማግሌ ልኮ መልስ የሚጠብቅ ወጣት ካለ ዲልዋሌን በአንድ ቁጭታ ይጨርሰው። የ1934ቱንና የ1940ውን ጥቁርና ነጭ ናቸው ብላችሁ አትለፏቸው፤ ቤተሰቡን ሰብስቡና አሥር ደቂቃ ታገሷቸው።